ጭሱን አይቼ ተጫንኩ

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከቀኑ 11 ሰ.

ክሮኖው፣ የሩጫ መያዣ ሰዓቴ፣ ልክ ነው። ዛሬም ከሬዲዮው የሰዓት ምልክት ጋር አስተያየሁት፤ ዝንፍ አላለም። በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሣጥኑ መልሼዋለሁ። አሁን የሚቀረኝ የሂክማን ጽሑፍ ማረም ነው።

ለመዝገብ ያህል፣ ደብተሬ። ከጠዋት ጀምሮ ስታዲየም። አራተኛው ደረጃ፣ ከመጨረሻው መስመር ትይዩ፣ የዘወትር ቦታዬ። የኤሌክትሮኒኩ ሰዓት ተበላሽቷል፤ ሦስት ዳኞች በእጅ ያዙ። እኔም ለብቻዬ በእጄ ያዝኩ፤ እንደ ሁልጊዜው ለ«ከመሙ ዳር»።

«ከመሙ ዳር» የሂክማ ድረ ገጽ ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ከዓርብና ቅዳሜ በቀር ቀን ወደብ ላይ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፣ ከሥራ መልስ ስለ ሩጫ ትጽፋለች፤ በአማርኛም በፈረንሳይኛም። አለቃ የላትም። ያለኋት እኔ ነኝ፦ ሰዓት ያዥና አራሚ።

200 ሜ. ሴቶች። ኢፍራህ ሮጠች፤ የግቢያችን ልጅ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ሰዓዳ የድሬዳዋ ሰው ናት፤ እዚሁ ሰፈራችን ካርቲየ ሰባት ጨርቅ ትሸጣለች። ለውጭ አገር ሥልጠና የሚያስመርጠው ሚኒማ 25.0 ሰከንድ። ጭሱን አይቼ ተጫንኩ። ደረቷ መስመሩ ላይ ሲደርስ አቆምኩ። 24.9።

የዳኞቹ 25.2።

ሂ. እርግጠኛ ነዎት ወይ አለችኝ። ይህ ጥያቄ ለእኔ አይቀርብም። ድሬዳዋ፣ የመነኮሳቱ ት/ቤት፣ ሲስተር ክሌማንስ ጣታችንን በማስመሪያ እየመቱ ነው ያስተማሩን። ሽጉጡ ሲተኮስ ሰዓት የሚነሣው በጭሱ ነው፤ በድምፁ አይነሣም። ድምፅ መንገድ ላይ ይዘገያል። ሰዓት መያዝ ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ ነው፤ ስቼ አላውቅም።

ከዳኞቹ አንዱ የኢፍራህ ክለብ ተፎካካሪ የሆነው ክለብ ሊቀ መንበር አማች ነው። ሂ. ይህን ስታስታውስ ዓይኗ በራ። ትጽፈዋለች። ትጻፈው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከጠዋቱ 4 ሰ.

ጽሑፉ ወጣ። ርእሱ «የኢፍራህን ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ማን ወሰደው?» እሷ «ማን ሰረቀው» ብላ ነበር፤ እኔ ሰረዝኩት። ስድብ አይታተምም። ሁለት የተደጋገሙ ቃላትም አወጣሁ። አራት ነጥቦቹ በየቦታቸው ናቸው።

ሰው እየተቀባበለው ነው። ሰዓዳ ገና በማለዳ መጥታ እጄን ሳመች፤ ልከለክላት አልቻልኩም። ለልጅቷ ሻንጣ ለማየት ገበያ ትወርዳለች። የተመራጮቹ ስም ዝርዝር የሚዘጋው የነገ ሳምንት እሑድ ነው።

ጫት ሻጯ ፎዚያ ሳልፍ ጠራችኝ። «እማማ ክሮኖ! የእኔንም ባል ያዙልኝ እንጂ! የጫት መርፈቂያውን ሰዓት እሱ ሌላ ይላል፣ እኔ ሌላ እላለሁ!» ጎረቤቶቿ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በአደባባይ መሳቅ አልወድም። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልክደው አልችልም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከምሽቱ 12 ሰ.

ስልክ ተደወለ። ቁጥሩ አይታይም። ለስላሳ ድምፅ፣ ጥሩ አማርኛ። እናቴ አለኝ። ጤናዬን ጠየቀ። ከዚያ የመኖሪያ ካርዴ መቼ እንደሚታደስ ጠየቀ። ከዚያ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሂክማ ከወደቡ የምትወጣው አሥር ሰዓት ከሩብ አይደለም ወይ አለኝ።

ነው። አሥር ሰዓት ከሩብ ነው።

ማን ነህ አልኩት። «ሩጫ የምወድ ሰው ነኝ እናቴ። ልጂቱ ጽሑፏን ብታነሣው ሁላችንም በሰላም ስፖርታችንን እናያለን» ብሎ ዘጋው።

ሰው ሰዓቴን ሲይዝብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። 

አሥር ከሩብ አለፈ፣ ሂ. አልመጣችም። አሥር ተኩል አለፈ። ደጅ ቆምኩ። አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ሲቀረው መጣች፤ ሚኒባስ አጥታ ነው። ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ፣ ግን አናነሣም አለች። የሚደወልልን ልክ ስለሆንን ነው አለች። ይህን ስትል ኮራሁባት። ቢሆንም ከነገ ጀምሮ ከባልደረባዋ ጋር ትመጣለች። አስማልኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከጠዋቱ 5 ሰ.

ዛሬም ስልክ። አነሣው አላነሣው ስል ብዙ ጮኸ። ሙሴ ዓብዲ ናቸው።

ሙሴ ዓብዲ የሰዓት ዳኞቹ አለቃ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፤ ዋራበሌ ሰፈር ይኖራሉ። ስንት ዓመት እሳቸው ከታች እኔ ከላይ ሆነን ሰዓት ይዘናል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማከብረው እሳቸውን ብቻ ነው። ጽሑፉ ስማቸውን አልጠራም፤ አስቤበታለሁ። ሰው ግን አለቃው ማን እንደሆነ ያውቃል።

የቆርቆሮ በራቸው ላይ በቀይ ቀለም «ሌባ» ተብሎ ተጽፏል። ትናንት ድንጋይ ተወርውሯል። የልጅ ልጃቸው ት/ቤት አልሄድም ብላለች። ይህን ሁሉ ቀድሜ የሰማሁት ከፎዚያ ነው፤ እሳቸው ምንም አላነሡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ በትሕትና።

«ጭሱን አይተውታል፣ ማዳም ዘሃራ?»

አይቻለሁ አልኩ። ወዲያው። በቁጣ።

«እንግዲያውስ ደህና» ብለው ተሰናበቱ።

ደህና አይደለም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጥያቄያቸውን ደጋግሜ ለራሴ ጠየቅሁ። በሰኞው ሰውዬ እንዲህ አልሆንኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከጠዋቱ 3 ሰ.

ሂ. ሥራ ናት። አሮጌዎቹን ደብተሮች አወረድኩ። የዚህን ዓመትና ያለፈውን ዓመት ውጤቶች ጎን ለጎን አደረግሁ፤ የእኔን በግራ፣ የዳኞቹን በቀኝ። ለማንበብ ገጹን አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋለሁ። አምፖሉ ደካማ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግን ቀን ነው፤ መስኮቱም ክፍት ነው።

ከረመዳን በፊት፦ ወይ እኩል፣ ወይ በአንድ አሥረኛ መለያየት፤ አንዴ የእኔ ይበልጣል፣ አንዴ የእነሱ።

ከረመዳን ወዲህ፦ 400ና 800፣ መነሻቸው ከእግሬ ሥር የሆነው፣ ልክ ናቸው። 100ና 200፣ መነሻቸው ሩቅ የሆነው፣ ሁልጊዜ የእኔ ያንሳል። ሁለት አሥረኛ። ሦስት አሥረኛ። አንድም ቀን በልጦ አያውቅም።

ዳር ላይ በራሴ እጅ የተጻፈ አለ፦ «ዳኞቹ አንቀላፍተዋል።» ሌላ ቦታ፦ «ዛሬም አንቀላፍተዋል።»

እውነተኛ ስሕተት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ስሕተት ምክንያት አለው። ይህን ለሌሎች ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

የዓርቡን ገጽ መልሼ አነበብኩ፣ ደብተሬ። «ጭሱን አይቼ ተጫንኩ» ይላል። በምን ቀለም ነበር? ነጭ? ግራጫ? ነፋሱ ወዴት ወሰደው? ምንም አላስታውስም። ምክንያቱም አላየሁም። ከልማድ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው። እጄ ጻፈው፣ ዓይኔ አልነበረበትም።

አላውቅም። ገና አልፈረድኩም። መፈተን አለበት።

እየጻፍኩ ከመስመሩ መውጣቴን አሁን አየሁ። ከሦስት ገጽ በፊትም ወጥቻለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከጠዋቱ 3 ሰ.

ተፈተነ።

ኢ. በየጠዋቱ ስታዲየም ትለማመዳለች። አብሬያት ሄድኩ፤ ገና ፀሐይ አልበረታችም። ልምምድ ላይ ሽጉጥ የለም፤ አሠልጣኙ የሚያጋጫቸው ሁለት ጣውላዎች አሉ፣ አንዱ ወገናቸው ነጭ የተቀባ። ከጭስ ይልቅ ይታያሉ። ወደ 200ው መነሻ ሂጂና ሃያ ጊዜ እጅሽን ከፍ አድርገሽ አጋጪ አልኳት። አሥሩን በደንብ አስጩሂ፤ አሥሩን ሳታነካኪ አጠገብ ለአጠገብ አቁሚ። ቅደም ተከተሉን ራስሽ ምረጪ፣ በወረቀት ያዢው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ሳቀች፤ የፈረንሳይ መነኮሳት ጨዋታ ነው ወይ አለች።

አራተኛው ደረጃ ላይ ቆምኩ። ክሮኖው በእጄ። አውራ ጣቴ ከላይ። ከመሙ ማዶ ቢጫ ነገር አያለሁ። ቢጫ መልበሷን ስለማውቅ ነው።

ጧ! ተጫንኩ። ጧ! ተጫንኩ። ረጅም ዝምታ። ጠበቅሁ። ጧ! ተጫንኩ።

እያለከለከች ተመልሳ ወረቀቴን አየች። «እማማ ተኝተው ነው እንዴ? ድምፅ የሌለውን አንዱንም አልያዙልኝም! እጄን እንዲህ ሰማይ ድረስ ሰቅዬ!»

ወረቀቶቻችንን አስተያየን። የጮኸው አሥሩም አለ። ያልጮኸው አሥሩም የለም።

ተቀመጥኩ። ነገርኳት፤ መደበቅ አልቻልኩም። ድምፁ ከዚያ ጥግ እኔ ጋ እስኪደርስ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ሰዓቱን በድምፁ ካስነሣሁ ያን ያህል ዘግይቼ አስነሣለሁ። ያን ያህል ዘግይቼ ካስነሣሁ አንቺን ያን ያህል አፈጥንሻለሁ።

ብልህ ልጅ ናት። ሒሳቡን ሳልጨርስ ጨረሰችው።

«ታዲያ የእኔ 24.9?»

 መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የጫማዋን ክር ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ እንደገና ፈታች። ከዚያ ቀና ሳትል፦ «እስከ እሑድ ዝም ቢሉስ፣ እማማ? ሦስት ቀን እኮ ነው።»

ሙሴ ዓብዲስ አልኳት።

«እሳቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔ ገና ነኝ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ከእኔ አምስት እርምጃ ቀድማ ሄደች። ሁልጊዜ ክንዴን ትይዘኝ ነበር። መንገዱን መሻገር ፈራሁ። የመኪናዎቹን ድምፅ እየሰማሁ ተሻገርኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምሻገረው?

ያው ዕለት። ከቀኑ 8 ሰ.

መብላት አልቻልኩም። ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ፣ ቀኙን ሸፈንኩ። የግድግዳው ሰዓት በአንዱ ጭጋግ ነው፣ በሌላው ደግሞ ክቡ ብቻ አለ። ቁጥሮቹን የማውቃቸው የት እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

የማነበው ደብተር፣ የማርመው ጽሑፍ፣ የምይዘው ሰዓት። ሌላ ምን አለኝ?

ያ ቁጥሩ የማይታየው ስልክ ደግሞ ተደወለ። አላነሣሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከቀኑ 10 ሰ.

ሂ. እየሮጠች ገባች። አሸነፍን እማማ አለች። ከአትሌቲክስ ጽ/ቤቱ ሰው ሰምታለች፤ ጫጫታው በዝቶባቸዋል። እሑድ የኢፍራህን 24.9 ይቀበላሉ። ሙሴ ዓብዲን ደግሞ ከሰዓት ያዥነት ያነሷቸዋል። ግንባሬን ሳመችኝ።

ቁጭ በይ አልኳት።

ደብተሮቹን አሳየኋት። ሁለቱን ወረቀቶች አሳየኋት። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ተከራከረች፤ እኔው ነኝ መከራከር ያስተማርኳት። አንድ ቀን በጣውላ የተደረገ ፈተና ነው አለች። የዳኛው አማችነት እውነት ነው አለች። እውነት ነው። ግን ሦስቱም ዳኞች የያዙት በአንድ አሥረኛ የሚቀራረብ ነው፣ የመሃሉ ነው የተወሰደው። አማቹ ብቻውን ምንም አላደረገም።

ከዚያ የፈራሁትን አለችው። ማስተካከያ ብናወጣ ስለ ስልኩ የሰሙ ሁሉ ፈርተው አነሡት ይላሉ። ያ ሰውዬ ይስቃል። ከዛሬ በኋላ ማንም የፈለገውን ለማስነሣት ስልክ መደወል ይበቃዋል። «ከመሙ ዳር» አለቀለት አለች።

 ልክ ናት። ፈርቻለሁ። እውነቱ ከሚያስፈራራኝ ሰው ጋር አንድ ወገን ቆሞ አገኘሁት፤ እንዲህ ያለ ነገር ት/ቤት አልተማርንም።

 በመጨረሻ ድምፅዋ ተሰበረ። «ዓይንዎን ለምን አልነገሩኝም?» አለች። አላውቅም ነበር ልላት ነበር። ግን አውቅ ነበር። ጽሑፎቿን ስልኩ ላይ ፊደሉን አተልቄ አተልቄ ነው ያረምኩት። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ቃል እስኪቀር። ነጠብጣቡን ሁሉ አየሁ፤ ሙሉውን ገጽ ግን ከረመዳን ወዲህ በአንድ ጊዜ አላየሁትም።

አቀፈችኝ። 

ኢ. ከትናንት ጠዋት ወዲህ ደጄ አልደረሰችም። እናቷ ግን ቅድም ዕቃ ልትዋስ መጣች፤ ደስተኛ ናት። ሻንጣው ሰማያዊ ነው አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከጠዋቱ 5 ሰ.

በማለዳ ለኢ. ነገርኳት። የግቢው በር ላይ ጠብቄ። ዛሬ ይወጣል አልኳት፣ ከሰው እንዳትሰሚው። ፊቷን አላየሁትም። እሺ እማማ አለች፤ በጣም ቀስ ብላ። ከዚያ ለእናቴ እኔ ልንገራት፣ እርስዎ አይንገሯት አለች። ወደ ስታዲየም ሄደች። የጫማዋን ድምፅ እስከ መታጠፊያው ሰማሁት።

ከዚያ ከሂ. ጋር በሚኒባስ ዋራበሌ። ክንዴን አልለቀቀችም። ሁሉም ሰው የሚያየን መሰለኝ፤ ያ ሰውዬ የትኛው ወንበር ላይ እንዳለ አላውቅም። ምናልባት የትም የለም። ልቤ ግን እስክንወርድ ድረስ አላረፈም።

ሙሴ ዓብዲ በራቸውን ቀለም ይቀቡ ነበር። አረንጓዴ፣ አለች ሂ.። ቀዩ ሥር ሥሩን ገና ይታያል አለችኝ። ብሩሹን አስቀምጠው ወንበር አመጡልኝ።

አላየሁትም አልኳቸው። ጭሱን አላየሁትም።

«አውቃለሁ ማዳም» አሉ። «በጭሱ ተጭኜ ወዲያው ቀና ብዬ አየሁዎት። እጅዎ ዘገየ። እርስዎ የተጫኑት ድምፁ እኔ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው።» ለማንም አልተናገሩም። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከእርስዎ ልስማው ብዬ ነው አሉ። ዝም ብለው ስምንት ቀን ስድብና ድንጋይ ቻሉ።

ማስተካከያውን ሂ. አነበበችላቸው። እኔ የተናገርኩትን ነው የጻፈችው። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ዘሃራ ነኝ ይላል። ዓይኔ ደክሟል፤ በጭሱ ፈንታ በድምፁ አስነሣሁ፤ የእኔ 24.9 ስሕተት ነው፣ የዳኞቹ 25.2 ልክ ነው። በስልክ ያስፈራራን ሰው አለ፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት አይደለም። ፈተናው እንዴት እንደተደረገ ከሥር ተዘርዝሯል፤ የሚጠራጠር ራሱ ይድገመው። ሙሴ ዓብዲን በስማቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለት እርማት አደረጉ። ይቅርታው ሦስት ቦታ አለ፣ አንዱ ይበቃል፣ ሁለቱን ያውጡ አሉ። ሁለተኛው፦ «25.2 ልጅቷ እስከ ዛሬ ከሮጠችው ሁሉ ፈጣኑ ነው። ይህም እውነት ነው። ለምን ተዋችሁት?»

አላሰብነውም። ሁለታችንም። ስምንት ቀን ሙሉ ስለ ሦስት አሥረኛ ስንጮህ ማንም አላሰበውም። ሂ. እዚያው ቆማ ጨመረችው፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ።

አሁን ቤት ነን። ክሮኖውን ለሂ. ሰጠኋት። የሚቀጥለው ሳምንት እሷ ትይዛለች፤ እኔ ጎኗ እቀመጣለሁ፣ ጭሱን አየሽ ወይ እያልኩ። ሰኞ ሐኪም ቤት። የሚሉኝን እፈራለሁ። ሰዓዳን እፈራለሁ፤ ሱቋን ስትከፍት ይሰማኛል፣ እያንጎራጎረች ነው፣ ገና አልሰማችም። ስልኩ ሲጮህም እፈራለሁ። አንዱም አልቀነሰም።

ሂ. ስልኩን ፊቴ ይዛለች። ማስተካከያው ተዘጋጅቷል ትላለች፤ እንዲወጣ መጫን ብቻ ነው የቀረው። አንቺ ጫኚው ብላት እምቢ አለች፤ ሰዓቱን የያዙት እርስዎ ነዎት አለች። ቁልፉ የት እንዳለ አላየሁም። ጣትዎን እዚያ እኔ አስቀምጣለሁ ብላለች። ድምፅ አለው ወይ አልኳት። የለውም አለች።

ይህን እስክጽፍ ጠብቂኝ ብያት ነው። እስክሪብቶውን ላስቀምጥ። አውራ ጣቴ ያስፈልገኛል